የፕሮጀክተር ስክሪንን በዓይን መመዘን፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ቤት ውስጥ ሲኒማ ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል አራቱ ስክሪኑን ብቻ የሚመለከቱ ሆነው ስላገኘኋቸው በአንድነት መልሻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከሁለት ስክሪኖች አንዱን ለመምረጥ አመነታሁ። የአንዱ ጌይን (ብርሃንን ፊት ለፊት ወዳለው ተመልካች የመመለስ አቅሙ) 1.0፣ የሌላው 1.8 ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለው ይሻላል?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ስክሪን ከፕሮጀክተሩ የተቀበለውን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል እንጂ ከራሱ የሚጨምረው የለም። ጌይኑ 1.0 የሆነው ብርሃኑን በየአቅጣጫው አዳርሶ ይበትናል፤ 1.8 የተባለው ግን ዳር ለተቀመጠው ይደርስ ከነበረው ቀንሶ ፊት ለፊት ላለው ያደላል። በዚህም የተነሳ የምስሉ መካከል ደምቆ ጠርዙ ሊደበዝዝ ይችላል። በሲኒማ ቤት ለነጭ ምስል የተለመደው የድምቀት መጠን በካሬ ሜትር 48 ካንዴላ (የድምቀት መለኪያ) ሲሆን፣ በ16 በ9 ምጥጥን ባለ 100 ኢንች ስክሪን ላይ ጌይኑ 1.0 ቢሆን እንኳ ይህን ለማግኘት ስክሪኑ ላይ በእርግጥ የሚያርፍ 420 ሉመን (ከፕሮጀክተር የሚወጣ ብርሃን የሚለካበት) ገደማ ይበቃል። ክፍልዎ በደንብ የሚጨልም ከሆነ እኔ ብሆን የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው።

ጥያቄ፦ መለኪያ መሣሪያ የለኝም። የገዛሁትን ስክሪን ጥራት በምን ልፈትን?

መልስ፦ ክፍሉን አጨልመው መጀመሪያ ሙሉ ነጭ፣ ቀጥሎም መካከለኛ ግራጫ ምስል ያሳዩ፤ ከዚያም ዓይንዎን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ይራመዱ። ድምቀቱ ከእርምጃዎ ጋር የሚለዋወጥ፣ ቀለሙም ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ ከሆነ ጉድለቱ ያኔ ይገለጥልዎታል። ግራጫው ላይ ጥላ መሰል ነጠብጣብ ካዩ ግን ስክሪኑን ለመውቀስ አይቸኩሉ፤ ፕሮጀክተሩን ጥቂት ወደ ጎን ያዙሩት። ነጠብጣቡ ከምስሉ ጋር ከተንቀሳቀሰ ከፕሮጀክተሩ የመጣ ነው፤ በቦታው ከቀረ ግን የስክሪኑ ነው። የጨርቁን መወጠር ለመፈተሽ ቀጥ ያሉ መስመሮች ያሉት ምስል ያሳዩ፤ ጨርቁ ከረገበ መስመሮቹ ይጎብጣሉ። በመጨረሻም ካሜራው ሰማይ ወይም በረዶ ላይ በዝግታ የሚያልፍበትን ትዕይንት ይክፈቱ፤ ምስሉ ሲሄድ ባለበት የሚቀር የሚያብለጨልጭ ቅንጣት ካለ የስክሪኑ ቅብ ነው።

ብዙዎች ነጭ ወረቀት ስክሪኑ ላይ ለጥፈው ያነጻጽራሉ። ለድምቀት ይጠቅማል፤ ይሁንና በርካታ ወረቀቶች ሰማያዊነት የሚሰጥ ማንጫ ስላለባቸው በቀለም ላይ ፍርድ አይሰጥባቸውም።

ጥያቄ፦ ጥቁሩ ለምን ግራጫ ሆኖ ይታየኛል?

መልስ፦ ፕሮጀክተሩን አጥፍተው ስክሪኑን ይመልከቱ። በዚያ ሰዓት የሚያዩት ቀለም ክፍልዎ ሊሰጥዎ የሚችለው የጥቁር ዳርቻ ነው፤ ከዚያ የጠቆረ ምስል አይገኝም። ስለዚህ ከአዲስ ስክሪን በፊት መጋረጃውንና የግድግዳውን ቀለም ያስቡ፤ ነጭ ግድግዳና ነጭ ኮርኒስ የስክሪኑን ብርሃን መልሰው እዚያው ላይ ይረጩታል። የክፍሉን መብራት ማጥፋት ለማይቻልበት ቤት ግራጫ ስክሪን ወይም የአካባቢን ብርሃን የሚከላከል ስክሪን ይረዳል። ሆኖም ከግድግዳው ሥር ለሚቀመጥ ፕሮጀክተር የተሠራው ዓይነት ከላይ የሚመጣን ብርሃን እንዲውጥ የመጋዝ ጥርስ የሚመስል ገጽ ስላለው፣ ኮርኒስ ላይ ከተሰቀለ ፕሮጀክተር ጋር ቢጣመር የፊልሙን ብርሃን ራሱን ይውጠዋል።

ጥያቄ፦ ስፒከር ከኋላው እንዲቀመጥ ተብሎ የተበሳሳ ስክሪን ምስል ያበላሻል?

መልስ፦ በቀዳዳዎቹ በኩል ጥቂት ብርሃን ይባክናል። ዋናው ስጋት ግን ቀዳዳዎቹ ከፒክስሎቹ ጋር ተደራርበው የሚፈጥሩት ሞገድ መሰል ጥለት ነው። 221 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ስክሪን ላይ 3840 ፒክስሎች ወደ ጎን ሲደረደሩ የእያንዳንዱ ስፋት 0.58 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ በዚህ መጠን አካባቢ ያለ ቀዳዳ ያሰጋል። በቀጭን መስመሮች የተሞላ ምስል ከፍተው ከወትሮው መቀመጫዎ ሆነው ይመልከቱ፤ ጥለቱ ከዚያ ካልታየዎት ስክሪኑ ይሆንዎታል።