የኤክስሬይ ፋይሌ አልገባ አለኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ የኤክስሬይ ስፔክትሮስኮፒ መረጃን ወደ መተንተኛ ሶፍትዌር ስለማስገባት ናቸው። የጠያቂዎቹን ስም ትተነዋል።

ጥያቄ፦ ጀርመን የማስተርስ ተማሪ ነኝ። አፈር ውስጥ ያለውን ብረት በኤክስሬይ አብዞርፕሽን አስለክተን ፋይሎቹ በኢሜይል መጡልኝ። አቴና የሚባለው የመተንተኛ ሶፍትዌር ላይ ስከፍታቸው አንዳንዱ እምቢ ይላል፣ አንዳንዱ ይገባል ግን ግራፉ ዝብርቅርቁ የወጣ ነው። እንዲቀለው ብዬ አስቀድሜ ኤክሰል ላይ ከፍቼ ከላይ ያለውን ጽሑፍ አጥፍቼ ነበር ሴቭ ያደረግኩት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ኤክሰሉን ተይው። ነገሩን ያበላሸው እሱ ለመሆኑ እወራረዳለሁ። ቋንቋው ጀርመንኛ የሆነ ኮምፒውተር ላይ ኮማ የአስርዮሽ ምልክት ነው፣ ነጥብ ደግሞ ሺህን መለያ። ስለዚህ ኤክሰል 7.112 የሚል ቁጥር ሲያይ ሰባት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ያደርገዋል። 1.5 ሲያይ ደግሞ ሜይ 1 ነው ብሎ ቀን ያደርገዋል፣ ሳይጠይቅሽ። ከዚያ ሴቭ ስትይው የአስርዮሽ ክፍል ያላቸው ቁጥሮች በኮማ ይጻፋሉ፣ ኮማን የዓምድ መለያ አድርጎ የሚያነብ ፕሮግራም ደግሞ አንዱን ቁጥር ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ዝብርቅርቅ ያልሽው ግራፍ የሚመጣው እንዲህ ነው።

ያጠፋሽው ጽሑፍም ቢሆን ለአቴና እንቅፋት አልነበረም። በ# የሚጀምሩትን መስመሮች ሄደር ናቸው ብሎ ራሱ ያልፋቸዋል። ለአንቺ ግን ወርቅ ናቸው፦ የትኛው ዓምድ ምን እንደሆነ፣ ኢነርጂው በምን መለኪያ እንደተጻፈ፣ አንዳንዴም የሞኖክሮሜተሩ (ከኤክስሬዩ አንድ ኢነርጂ መርጦ የሚያሳልፈው መሣሪያ) ክሪስታል ምን እንደሆነ የሚናገሩት እነሱ ብቻ ናቸው።

ወደ ኢሜይሉ ተመለሽና ዋናውን ፋይል እንደገና አውርጂ። በኖትፓድ ክፈቺው፣ ምንም ሳትነኪ የመጀመሪያውን ዓምድ እዪ። የብረት ኬ ጠርዝ፣ ማለትም ብረቱ ኤክስሬይን በድንገት አብዝቶ መዋጥ የሚጀምርበት ኢነርጂ፣ 7112 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ስለሆነ ቁጥሩ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ 6900ዎቹ ውስጥ ወይም 7000 አካባቢ ጀምሮ ጠርዙን አልፎ መሄድ አለበት። በ6.9 ከጀመረ የተጻፈው በኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። አቴና ዓምድ በምትመርጪበት መስኮት ላይ የመለኪያ ምርጫ አለው፣ እሱን ቀይሪ። ይሄን ዝም ብለሽ ካለፍሽው የጠርዙ ቅርጽ አምሮ ይወጣል፣ ሰውም የሚሸወደው በዚህ ነው። ከጠርዙ በላይ 800 ኤሌክትሮን ቮልት ድረስ የለካሽው መረጃ በኬ ስኬል (ኢነርጂው ወደ ኤሌክትሮኑ የሞገድ ቁጥር ሲቀየር) 14.5 ገደማ መድረስ ሲገባው 0.46 ላይ ይቆምብሻል፣ ፉሪየር ትራንስፎርሙም ትርጉም አይኖረው።

ዓምዱ 16 ምናምን የሚል ቁጥር ይዞ ከመስመር መስመር እየቀነሰ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ኢነርጂ አይደለም፣ የሞኖክሮሜተሩ ማዕዘን ነው። በሲሊከን 111 ክሪስታል 7112 ኤሌክትሮን ቮልት የሚገኘው 16.14 ዲግሪ አካባቢ ነው። የጃፓኑ የኤክስሬይ መለኪያ ማዕከል የፎቶን ፋክተሪ ፋይሎች ለምሳሌ በማዕዘን ነው የሚመጡት። ለእነሱ አቴና ውስጥ የተዘጋጀ ፕለጊን አለ፣ ግን ከፕለጊኖቹ ዝርዝር ውስጥ ገብተሽ ራስሽ ካላበራሽው አይሠራም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። ውጭ አገር ያለ ባልደረባዬ ያስለካልኝን መረጃ አስገብቼ ግራፉ ጠርዙ ላይ ሽቅብ መውጣት ሲገባው ቁልቁል ወረደብኝ። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። አካፋዩንና ተካፋዩን ገልብጠው መርጠውት ነው። በትራንስሚሽን (ናሙናውን አልፎ በሚወጣው ኤክስሬይ) ከሆነ የተለካው፣ ከናሙናው በፊት ያለው ዲቴክተር ከላይ ተካፋይ፣ ከናሙናው በኋላ ያለው ከታች አካፋይ ይሆንና ሎጋሪዝም የሚለው ሳጥን ምልክት ይደረግበታል። በፍሎረሰንስ (ናሙናው ራሱ መልሶ በሚያወጣው ኤክስሬይ) ከሆነ ደግሞ የፍሎረሰንሱ ዲቴክተር ከላይ፣ ከናሙናው በፊት ያለው ከታች፣ ሎጋሪዝም የለም።

እኔን የሚያስፈራኝ የእርስዎ ዓይነት ስህተት አይደለም፣ እሱ ራሱን ያጋልጣል። የሚያስፈራው የፍሎረሰንስ መረጃ ላይ ሎጋሪዝሙን ሳያጠፉ መቅረት ነው። ግራፉ ሽቅብ ይወጣል፣ ጠርዙም ቦታው ላይ ነው፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ግን ከላይ ያለው ፒክ ተጨፍልቋል፣ ከጠርዙ በፊት ያለው ክፍል ደግሞ ከልኩ በላይ ተለጥጧል፣ እና ከዚያ በኋላ ከስታንዳርድ (ምንነቱ ከታወቀ ናሙና) ጋር አወዳድሬ ይህን ያህሉ ፌሪክ (ሦስት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ብረት) ነው የሚሉት ነገር ሁሉ ውሸት ይሆናል። በዚያ ላይ አቴና የመጨረሻውን ምርጫዎን ያስታውሳል፣ ብዙ ፋይል አንድ ላይ ሲያስገቡም ለመጀመሪያው ብቻ ጠይቆ ዓምዳቸው ተመሳሳይ የሆኑትን ሌሎቹን በዚያው ያስገባቸዋል። አንዱ ስህተት ለሁሉም ይደርሳል ማለት ነው።

በአፍሪካ ምድር ሲንክሮትሮን፣ ማለትም ለእንዲህ ያለ ልኬት ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጭ ግዙፍ ማሽን፣ የለም። ቅርባችን ያለው እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀው የዮርዳኖሱ ሴሳሚ ነው። ስለዚህ መረጃው በሰው እጅ ነው የሚመጣው፣ የመለኪያ ማስታወሻው ደግሞ እዚያው ይቀራል። ባልደረባዎን ሁለት ነገር ይጠይቋቸው፦ በትራንስሚሽን ነው ወይስ በፍሎረሰንስ? ከናሙናው ጀርባ የብረት ፎይል ነበር? ፎይሉ ካለ በሬፈረንስ ቻናልነት አብረው ያስገቡት። ኢነርጂው ከስካን ስካን ሸርተት ማለት አለማለቱን የሚያውቁት በእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ፋይሉን በቴሌግራም ላከልኝ፣ ኤችዲኤፍ5 ነው። በኖትፓድ ስከፍተው ምኑም አይነበብም። አቴናም አላውቀውም ይላል። ቴሌግራም አበላሸብኝ መሰለኝ።

መልስ፦ ቴሌግራምን ለቀቅ አድርገው፣ በፋይልነት ከተላከ እንዳለ ነው የሚደርሰው። ኤችዲኤፍ5 ሲጀመር የጽሑፍ ፋይል አይደለም። ውስጡ ፎልደር በፎልደር የተደራረበ መረጃ ነው። በኖትፓድ መጀመሪያው መስመር ላይ ኤች፣ ዲ፣ ኤፍ የሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ከታዩህ ቢያንስ መነሻው ደህና ነው። ግሬኖብል ካለው የአውሮፓ ሲንክሮትሮን የወጡት ሲልክስና ፓይምካ የሚባሉ ሶፍትዌሮች ይከፍቱታል፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ኢነርጂውንና የዲቴክተሮቹን ዓምዶች ፈልገህ በጽሑፍ ፋይል አውጣቸው፣ ከዚያ አቴና አያስቸግርህም።

አንድ ነገር ግን እይ። የፋይሉ መጠን ስንት ነው? ብዙ ቢምላይኖች (የሲንክሮትሮን መለኪያ ጣቢያዎች) ላይ ዋናው ፋይል ውስጥ ያለው የሌሎቹ ፋይሎች አድራሻ ብቻ ነው፣ ቁጥሮቹ ያሉት ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። ጓደኛህ ዋናዋን ብቻ ልኮልህ ከሆነ ዝርዝሩ ይታይሃል፣ ስትነካው ግን ባዶ ነው። ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ከሆነች ጠርጥር። ሙሉ ፎልደሩን ዚፕ አድርጎ እንዲልክልህ ንገረው፣ አንተም ስትፈታው የፎልደሮቹን ስም አትቀይር።

ጥያቄ፦ ፋይሉ ላብራቶሪው ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል፣ የእኔ ኮምፒውተር ላይ ግን እምቢ ይላል። ያው ፋይል፣ ያው ሶፍትዌር።

መልስ፦ ፎልደርህ ስሙ ምንድነው? "መመረቂያ ጽሑፍ" ምናምን ከሆነ እሱ ነው። የቆዩ የሳይንስ ፕሮግራሞች በዊንዶውስ ላይ ከእንግሊዝኛ ውጭ ያለ ፊደል መንገዱ ላይ ሲያገኙ ይደናበራሉ። ሲ ድራይቭ ላይ አጭር የእንግሊዝኛ ስም ያለው፣ ክፍተት የሌለው ፎልደር ክፈትና እዚያ ገልብጠው። የዊንዶውስ መግቢያ ስምህ በአማርኛ ከሆነም ያው ነው፣ ዴስክቶፕህ ራሱ በዚያ መንገድ ውስጥ ስላለ።

ጥያቄ፦ የእኔ አብዞርፕሽን ሳይሆን ፍሎረሰንስ ነው፣ የንጥረ ነገር መለያው። ፓይምካ ላይ ይገባል፣ ግን አግድም መስመሩ ላይ ኢነርጂ ሳይሆን ከ0 እስከ 2047 የሚል ቁጥር ነው ያለው።

መልስ፦ እነዚያ ቻናሎች ናቸው። ፋይልህ ካሊብሬሽኑን (የትኛው ቻናል ስንት ኢነርጂ እንደሆነ የሚናገረውን) ይዞ አልመጣም፣ ስለዚህ አንተ ስጠው። በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ሴቲንግ አንድ ሚስማርና አንድ የመዳብ ሽቦ ለካ። የብረት ዋና ፒክ 6.404፣ የመዳብ 8.048 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። የብረቱ ቻናል 320፣ የመዳቡ 402 ላይ ከወጣ አንዱ ቻናል 20 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው ማለት ነው። ሁለቱን ለፓይምካ ስትነግረው ቀሪውን ራሱ ያሰላዋል። ሚስማሩ ዚንክ የተለበጠ አይሁን፣ 8.639 ላይ ሌላ ፒክ ያመጣብሃል። ከብረቱ ፒክ በስተቀኝ ያለችውንም ትንሿን እንዳትይዝ፣ እሷ የዚያው የብረት ሁለተኛ ፒክ፣ ቤታ ናት፣ 7.058።