ቡገንቪሊያው ለምን አላበበም? ሮዝ አበባ ያለውስ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ቡገንቪሊያዬን በየቀኑ ውሃ አጠጣዋለሁ፣ ፍግም አልብሰዋለሁ፤ ግን ቅጠል ብቻ ሆነብኝ። ከጎኑ ስሙን የማላውቀው፣ ሮዝ አበባ የማይለየው ቁጥቋጦ አለ፤ ፎቶግራፉን ልኬያለሁ። ስከረክመው ቅርንጫፉን ለፍየሎቼ ብሰጣቸውስ?

መልስ፦ እናቴ፣ ለፍየሎቹ በፍጹም እንዳይሰጧቸው! በፎቶግራፉ ላይ ቅጠሎቹ ከአንድ አንጓ ሦስት ሦስት ሆነው ወጥተዋል፤ ረጅም፣ ቀጭንና ጠንካራ ናቸው፤ ከመካከለኛው ጅማት ግራና ቀኝም ቀጫጭን ጅማቶች ተደርድረዋል። ይህ ኦሊያንደር ነው። ከሥሩ እስከ አበባው የልብን ምት የሚያዛባ መርዝ አለው፤ ጥቂት ቅጠል ፍየል ይገድላል። ቢደርቅም መርዙ አይለቀውም። ስለዚህ የከረከሙትን ከአጥር ውጭ አይጣሉ፣ የመንገዱ ፍየል ሁሉ ያገኘዋል፤ ጭሱም ስለሚጎዳ አያቃጥሉት። ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩት። የበላ ፍየል ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። በቆላችን በዱር የሚበቅለው፣ ግንዱ ከታች ያበጠና ቅጠሉ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ የሚሰበሰበው ባለ ሮዝ አበባ ተክል ሌላ ነው፤ እርሱም ግን መርዛማ ነው።

ወደ ቡገንቪሊያው ስንመጣ፣ ከልክ በላይ ተንከባክበውታል። ይህ ተክል ሥር ከሰደደ በኋላ ሲጠማ ነው የሚያብበው። ውሃና ፍግ ሲበዛለት ጉልበቱን ሁሉ ለቅጠል ያውለዋል። ፍጉን ያቁሙ። ውሃውን ደግሞ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማፍሰስ፣ አፈሩ ከላይ አንድ ጣት ያህል ጥልቀት ከደረቀ በኋላ አንድ ጊዜ በደንብ ያጠጡት። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ማግኘት አለበት፤ የኒም ዛፍ አጥልቶበት ከሆነ የኒሙን ቅርንጫፍ ያሳሱለት። የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ አንዱ የአበባ ዙር ሲያልቅ ረጃጅሙን ቅርንጫፍ ያሳጥሩት። መጀመሪያ ባለቀለም ቅጠሎች ሦስት ሦስት ሆነው ይወጣሉ፤ ትክክለኛው አበባ በመሃላቸው ያለው ትንሹ ነጭ ነው።

ኦሊያንደሩን ነቅለው በቦታው ሂቢስከስ (ትልልቅ አበባ ያለው የጓሮ ቁጥቋጦ) ቢተክሉ ደስ ይለኛል፤ ከቡገንቪሊያው የቀነሱት ውሃ ለእርሱ ይሆናል። የድሬዳዋ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ጅማቱ አረንጓዴ እንደሆነ የሂቢስከሱ ቅጠል ቢጫ ሊሆን ይችላል፤ ያ የብረት እጥረት ነውና በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ይጨምሩለት። የሂቢስከስን ቅርንጫፍ ፍየሎችዎ ቢበሉት አይጎዳቸውም።