ሩቁ አልመጣም

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ሁለት ዓመት ያጠራቀመችውን ገንዘብ አውጥታ የፊልም ካሜራ ገዝታለች፤ ለሌንስ የተረፋት ጥቂት ነው። «ጋሼ፣ የመጀመሪያው ሌንሴ የትኛው ይሁን?» ብላ ጠይቃ ከሥር አንዲት መስመር አክላለች፤ «አዳፕተር ከተገኘ የትኛውም ሌንስ ይሠራል ይባላል፤ እውነት ነው?» የመጀመሪያውን ጥያቄ በአንድ ዐረፍተ ነገር መመለስ እችል ነበር። ሁለተኛው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። አዳፕተር፣ ማለትም ለአንዱ ካሜራ የተሠራን ሌንስ ከሌላው ጋር የሚያጋጥመው ማገናኛ፣ ስሙን ባየሁ ቁጥር ሐሳቤ ጎንደር ይገባል።

ጥር 2006 ዓ.ም. ነበር። የጥምቀትን በዓል በፋሲለደስ መዋኛ ልንቀርጽ አራት ሆነን ሄድን። ካሜራችን ሶኒ ኤፍ ኤስ 700 ነበር። የእኔ ልብ የተንጠለጠለው ግን በሌንሶቹ ላይ ነው። ዛይስ ሱፐር ስፒድ የሚባሉትን፣ ከ18 እስከ 85 ሚሊሜትር ያሉትን፣ በኪራይ አግኝቼ ነበር። 18ቱ አይሪሱ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ እስከ ቲ 1.3 ስለሚከፈት በጧፍ ብርሃን መቅረጽ ያስችላል፤ የቲ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። አንድም ተጨማሪ መብራት ሳናበራ፣ ካህናቱንም ምእመናኑንም ሳንረብሽ፣ የጧፉ ብርሃን ውኃው ላይ ሲርገበገብ ማሳየት ነበር ሕልሜ። ለዚህ ስል ከአዘጋጁ ጋር ሁለት ወር ተከራከርኩ፤ ለመብራት የተያዘውንም ገንዘብ ለሌንስ ኪራይ አስዞርኩ።

ሌንሶቹ ፒኤል ማውንት ናቸው፤ ማውንት ማለት ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጥምበት መቀመጫ ነው። በዚህ ማውንት ከሌንሱ መቀመጫ ምስሉን እስከሚቀበለው ሴንሰር ያለው ርቀት 52 ሚሊሜትር ነው። የሶኒው ኢ ማውንት 18 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በመካከላቸው የሚገባው አዳፕተር ልክ 34 ሚሊሜትር መሆን ነበረበት። አዲስ አበባ ሳለን ሞክሬዋለሁ። 85ቱን ገጠምኩ፣ ቢሮው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ላይ አነጣጠርኩ፣ ምስሉን የሚያጠራውን የፎከስ ቀለበት አዞርኩ፤ ፊደሉ ጥርት አለ። ደስ ብሎኝ ሳጥኑን ዘጋሁ። 18ቱን ከሳጥኑ እንኳ አላወጣሁትም።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ለተመልካች በተሠራው የእንጨት ርብራብ ጥግ ላይ ቆመናል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ከመዋኛው ውስጥ ግንቡ ጠቁሮ ይታያል፤ ዙሪያውን ነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ በየእጁ ጧፍ፤ ቅጥሩን አቅፈው የወረዱት የዛፍ ሥሮች በብርሃኑ ብቅ ይሉና ይጠፋሉ። የቅዳሴው ዜማ በውኃው ላይ እየተንሳፈፈ ይመጣል። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ሥዕል ከካሜራ ፊት ቆሞ ጠብቆኝ አያውቅም። 18ቱን ገጠምኩ፤ አይሪሱን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ። ፎከስ የያዘው ረዳቴ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ዝምተኛ፣ እጁ የማይሳሳት ልጅ። ቀለበቱን እስከሚቆም ድረስ አዞረና «ጋሼ፣ ሩቁ አልመጣም» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ ሌንሱን በእጅ ባትሪ አየሁ። ምልክቱ የመጨረሻው ርቀት ላይ ነው። «ልክ ነህ፣ ቅረጽ» አልኩት።

«ቀለበቱ ከዚህ በላይ አይሄድም፤ ግንቡ ግን አልጠራም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አዘጋጁ አጠገባችን ነበር። ሠላሳ ዓመት በሙያው የቆየሁ ሰው ነኝና በሰው ፊት መታረሙ ከበደኝ። ሞኒተራችን ትንሽ ነበረች፤ የእኔም ዓይን በመነጽር የሚሠራ ነው። «አንተ ነህ እኔን ሌንስ የምታስተምረኝ?» አልኩት። ልጁ ዝም አለ፤ ለሁለት ሰዓት ያህል እንዲሁ ቀረጽን።

ፀሐይ ወጣች፤ ውኃው ተባረከ፤ ወጣቶቹ ከቅጥሩ ላይ መዝለል ጀመሩ። ብርሃን ስለበዛ አይሪሱን ወደ ቲ 8 ዘጋሁት፤ ምስሉ ሁሉ ጠራ። ያኔ ወደ ልጁ ዞሬ «አየህ?» አልኩት። ይህችን ቃል ዛሬም ድረስ ልውጣት ብል አትዋጥልኝም።

አዲስ አበባ ተመልሰን በትልቅ ስክሪን ስናየው የሌሊቱ ሥራ ሁሉ ደብዛዛ ነው። ፊት ለፊታችን የቆሙት የሁለት ሰዎች ትከሻ ጠርቷል፤ ከአምስት ሜትር ወዲያ ያለው፣ ግንቡም፣ ካህናቱም፣ ጧፉም፣ በጉም እንደተሸፈነ ነው። አዳፕተሩን አስለካን። አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ረዝሟል፤ የአንድ ወረቀት ውፍረት ማለት ነው። ያቺ ወረቀት በ85ቱ ላይ ብዙም አትጎዳም፤ ምልክቱ የመጨረሻው ርቀት ላይ ሲሆን ፎከሱ ሰባ ሜትር አካባቢ ያርፋል። በ18ቱ ላይ ግን ሦስት ሜትር ላይ ያስቀረዋል። ቀን ላይ አይሪሱን ስዘጋ የፎከሱ ጥልቀት፣ ማለትም ጠርቶ የሚታየው ርቀት፣ ሰፍቶ ስሕተቱን ሸፈነልኝ። ሌንስ ሰፊ በሆነ ቁጥር፣ ማለትም ሚሊሜትሩ ባነሰ ቁጥር፣ ለዚህ ስሕተት ስስ መሆኑን አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው ያልሞከርኩት።

ልጁ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ይቅርታ ሳልጠይቀው በሚቀጥለው ወር ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። ፊልሙ በቀኑ ምስል ብቻ ተሠርቶ ወጣ፤ የወደዱት ሰዎችም ነበሩ። እኔ ግን የጎደለውን አውቃለሁ። ጥምቀት በየዓመቱ ይመጣል፤ ያ ሌሊት ግን አልፏል።

እንግዲህ ልጄ፣ የሁለተኛው ጥያቄሽ መልስ ይህ ነው። አዳፕተር ርቀት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የአንቺ ካሜራ ኢኤፍ ማውንት፣ ማለትም 44 ሚሊሜትር ነው ብለሽኛል፤ 52 የሚፈልገውን ፒኤል ትቀበያለሽ፣ 46.5 የሚፈልገውንም የድሮውን የኒኮን ሌንስ ትቀበያለሽ። ለ18 ሚሊሜትር የተሠራው ግን ሩቅ ነገር አያሳይሽም። የሚገጥመውም ቢሆን መግጠሙ ብቻ አይበቃም። በጣም ሰፊውን ሌንስ ገጥመሽ፣ አይሪሱን ሙሉ ከፍተሽ፣ ሩቅ ያለ ተራራ ላይ ሞክሪው። ቀለበቱ ምልክቱ ጋ ሲደርስ ተራራው ካልጠራ አዳፕተሩን ለሚያስተካክል ሰው ስጪ።

ስለ ወጣቶቹ አንድ ነገር ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። አሁን የማያቸው ብዙ ፊልሞች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይሪስ ተከፍቶ የተሠሩ ናቸው። ፊት ብቻ ይታያል፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ቀልጧል። እናት ቡና ስታፈላ ረከቦቱ የለም፣ ጭሱ የለም፣ ጎረቤቷ የለችም። ቤቱን ካላሳያችሁን ሰውየው ከየት መጣ እንበል? ዝጉት፤ ቲ 4 እና ቲ 5.6 ለሰው ልጅ የተመቹ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ነገ ያ ሌሊት ቢመለስልኝ ቲ 1.3 ላይ ነው የምከፍተው፤ በጧፍ ብርሃን ሌላ ምርጫ የለም።

ልጅ ሳለሁ አጎቴ ከሶቪየት ኅብረት ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ዜኒት ካሜራ ይዞ መጣ። ሌንሱ ሄሊዮስ 44 ነበር፤ 58 ሚሊሜትር። ሌላ ሌንስ ስላልነበረን የሰፈሩን ልጆች ሁሉ በእሱ ብቻ አነሳሁ። ሰፊ ሲያሻኝ ጀርባዬ አጥር እስኪነካ አፈገፍግ ነበር። ዙም ይዞ ባንድ ቦታ እንደ ተተከለ የሚውል ካሜራማን ሳይ ያ አጥር ትዝ ይለኛል። ሄሊዮሱ እስከ ዛሬ አለኝ፤ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ በሆነች ቀጭን አዳፕተር ኢኤፍ ላይ ይገባል።

የመጀመሪያው ሌንስሽ 35 ሚሊሜትር ይሁን። ሴንሰርሽ ሱፐር 35 የሚባለው፣ በፊልም ካሜራ የተለመደው መጠን ስለሆነ ጠባብ ቤት ውስጥ ሰውየውንም ክፍሉንም ይይዝልሻል፤ ስትጠጊም ፊቱን ብዙ አያጣምምም። ፎቶ ማንሻ ሌንስ ከሆነ ፎከሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ተዪው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀለበቱ ማለቂያ የለውም፣ ተመልሶም እዚያው ምልክት ላይ አይገኝም፤ ረዳትሽ በምን ይያዘው? በእጅ የሚዞር አሮጌ ሌንስ ይሻላል። የሲኒማ ሌንስ ቀለበት ረጅም ጉዞ አለው፤ ሦስት አራተኛ ክብ ያህል የሚዞር አለ፤ ስለዚህ ተዋናዩ ሲራመድ በእርጋታ ይከተሉታል። እሱን ለትልቁ ሥራ ተከራዪ። ስትከራዪ ሁሉንም ከአንድ ቤተሰብ ውሰጂ፤ የአንዱ ሌንስ ቀለም ሞቅ ብሎ የሌላው ቢቀዘቅዝ፣ የሁለት ሰዎች ንግግር በሁለት ቀን የተቀረጸ ይመስላል። የሌንሱ ስም አያስጨንቅሽ። እኔ ግን እስከ ዛሬ የኩክ ሌንስ የሰው ቆዳ ላይ የሚሰጠውን ርኅራኄ የመሰለ ነገር በሌላ አላገኘሁትም።

ቤቴ ሽሮ ሜዳ ነው፤ ከግቢዬ የእንጦጦ ጫፍ ይታያል። ከጎንደር ወዲህ ለሥራ ከመውጣታችን በፊት ካሜራውን እዚያ ተክዬ መጀመሪያ ሰፊውን ሌንስ እገጥማለሁ፤ ቀለበቱን ከመካከላችን በዕድሜ ለሚያንሰው እሰጥና «ሩቁ መጣ?» እለዋለሁ። አልመጣም ካለኝ አንሄድም። አንቺም አዳፕተሩን ስትገዢ ካሜራሽን ይዘሽ ብቅ በዪ። ቀለበቱን አንቺ ትይዣለሽ።