«ሶሪ» ሁልጊዜ ይቅርታ ነውን?

ጥያቄ፦ የምኖረው በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ነው። እናቴ አገር ቤት ማረፏን የሰማች የሥራ ባልደረባዬ «አይ አም ሶሪ» አለችኝ። ቃሉን «ይቅርታ» ብዬ ብቻ ስለማውቀው የምመልሰው ጠፋኝ፤ ምን በድላኝ ነው? ትክክለኛ ትርጉሙስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እግዚአብሔር ያጥናዎት፤ የእናትዎን ነፍስ ይማር። ባልደረባዎም ልትልዎት የፈለገችው ይህንኑ ነው።

«ሶሪ» በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ይባል የነበረ ቃል ሲሆን፣ ሕመምን ወይም ቁስልን ከሚገልጸው «ሳር» የወጣ በመሆኑ፣ በመነሻው የሚያወሳው ጥፋትን ሳይሆን ሐዘንን ነው። («ሶሮው» የሚለው የሐዘን ስም ዘመዱ ቢመስልም ሥሩ ሌላ ነው።) እኛ «ይቅርታ» ስንል ጥፋታችንን እንዲተውልን ሰሚውን እንለምናለን፤ «አይ አም ሶሪ» የሚል ሰው ግን የሚናገረው የገዛ ስሜቱን፣ ማዘኑን ነው። ያሳዘነው የራሱ ጥፋት ከሆነ አነጋገሩ ይቅርታ መጠየቅ ይሆናል፤ የሌላው ሰው መከራ ከሆነ ደግሞ ማጽናናት ነው።

ይህ ድርብነት እስከ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ከመኪና ግጭት በኋላ አንዱ አሽከርካሪ የተጎዳውን አይቶ «ሶሪ» ቢል ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠርበታል? እርስዎ የሚኖሩበት የኦንታሪዮ ግዛት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው የይቅርታ ሕግ፣ እንዲህ ያለው ቃል በፍትሐ ብሔር ክርክር የጥፋተኝነት ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ደንግጓል፤ ብሪቲሽ ኮሎምቢያም በ2006 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ነበር። ሰው ለሰው ማዘኑን ያለ ስጋት እንዲናገር የሚያደርግ መልካም ሕግ ይመስለናል።

በዕለት ተዕለት ንግግር «ሶሪ?» ብሎ በጥያቄ ድምፅ ማንሳት «አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ» ማለት ሲሆን፣ የሱቅ ሠራተኛ «ሶሪ፣ ዊ አር ክሎዝድ» ሲልዎት መዘጋታቸውን በትሕትና መንገሩ ነው። ሰው ሲደናቀፍ እኛ «እኔን!» እንደምንለው ሁሉ፣ በኬንያና በናይጄሪያ እንግሊዝኛ «ሶሪ» ይባላል፤ በካናዳ ግን እርስዎ ያደናቀፉት ሊመስል ስለሚችል «አር ዩ ኦኬ?» ማለት ይሻላል።

ከሁሉም ይልቅ ሊጠነቀቁበት የሚገባው «አይ ፊል ሶሪ ፎር ዩ» የሚለው ነው። ቃል በቃል «አዝንልሃለሁ» ቢመስልም፣ በተለይ በክርክር መካከል ሲነገር «አንተስ ታሳዝናለህ» የሚል ንቀት ያዘለ ስለሚሆን ለሐዘንተኛ አይባልም፤ ለሐዘንተኛ የሚባለው «አይ አም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ነው። እርስዎ ለባልደረባዎ የሚመልሱት «ታንክ ዩ» ብቻ ቢሆን በቂ ነው፤ እሷም ከዚያ በላይ አትጠብቅም።