መልስ፦ ከስትራትፎርድ ቶተንሃም ኮርት ሮድ፣ ያለ ሙቀት

ለንደን ውስጥ ከስትራትፎርድ ጣቢያ ወደ ቶተንሃም ኮርት ሮድ ጣቢያ ሙቀት ሳያስቸግርህ በባቡር እንዴት እንደምትሄድ ጠይቀሃል። ሴንትራል የሚባለውን የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ተወውና ኤልዛቤት መስመርን ያዝ። ሁለቱም ጣቢያዎች ላይ ይቆማል፣ ባቡሩም ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) አለው።

ሴንትራል ላይ ለምን ኤሲ አይገጥሙም ላልከው፣ ዋሻው ጥልቅና ጠባብ ስለሆነ ከባቡሩ የሚወጣው ሙቀት መሄጃ የለውም። በዚያ ላይ መስመሩ ከተከፈተበት ከ1900 ጀምሮ የባቡሩ ሙቀት፣ በተለይ የፍሬኑ፣ በዙሪያው ያለው የሸክላ አፈር ውስጥ ሲጠራቀም ኖሯል። ለንደን ላይ ዝናብ ዘንቦም ታች የሚወብቀው ለዚህ ነው።

ሴንትራልን መያዝ ግድ ከሆነብህ ፉርጎው ጫፍ ላይ፣ የሚከፈተው መስኮት አጠገብ ቁም። ጆሮህን ያደነቁርሃል እንጂ ነፋሱ ጥሩ ነው።

አደራ፣ ራስህን ቢያዞርህ ዋሻ መሃል የአደጋ እጀታውን አትሳብ። እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ፤ ባቡሩ ሲቆም ያቺም ነፋስ ትጠፋለች፣ እርዳታም ይዘገያል። ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ውረድና ሠራተኛ ጥራ።