መልስ፦ ለጣሊያን እልል ያለ ሁሉ ገብሮ ነበር?

«ጎጃም ውስጥ ጣሊያን ባንዲራ ሲሰቅል ሰው ወጥቶ እልል ካለ አገዛዙን ተቀብሏል ማለት አይደለም ወይ?» ላልከው፣ አይደለም ወንድሜ። በጭራሽ!

አያቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የቢቸና ሰው ነበረች። ጭቃ ሹሙ «ነገ ውጡ» ብሎ ሲያስለፍፍ ያልወጣ ሰው ቤቱ ይቃጠልብኛል ብሎ ይሰጋል። ስለዚህ ይወጣሉ። እናቷ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ልክ ለቅሶ እንደምትሄድ ሆና ነበር የምትወጣው። እልል ሲባል አፏን በነጠላው ሸፍና ዝም። ሶላቶው፣ የጣሊያኑ ወታደር፣ ምን ያውቃል፣ ጎረቤቱ ግን ሁሉ ያውቅ ነበር። ይህን ስትነግረኝ ነጠላዋን ይዛ ታሳየኝ ነበር።

ደግሞም መቅረት ብቻ ሳይሆን መገኘትም ያስገድል ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ላይ የጣሊያን እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል ተወለደ ብሎ ለድሆች ምጽዋት ሊያድል ሕዝቡን ገነተ ልዑል ግቢ ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ሲወረውሩ፣ ወታደሮቹ ምጽዋት ሊቀበል በመጣው ምስኪን ላይ መትረየስ ከፈቱ። እነዚያን ሰዎች ግቢው ውስጥ ስለተገኙ ብቻ ደጋፊ ትላቸዋለህ?

ወደ ጎጃም ስንመለስ፣ ጣሊያን በ1928 ደብረ ማርቆስ ሲገባ ብዙ ውጊያ አልገጠመውም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን አገሩ በአመፅ ነደደ። እነ በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህና ኃይሉ በለው የመሩት አርበኛ ከየምሽጉ መውጫ አሳጣው። ያንን አርበኛ ስንቅ ያቀበለውና ያስጠጋው ማን ይመስልሃል? ያው ባንዲራ ሲሰቀል ተሰልፎ የቆመው ገበሬ ነው።