ኖዱ እምቢ ሲላችሁ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ድሮ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። አሁን ክላስተር ይይዛል፦ ኖድ የሚባሉ፣ እንደ አንድ ሆነው አብረው የሚሠሩ ማሽኖች ስብስብ።

«ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት ስለደወልኩ ይቅርታ። አዲሱ ኖድ ክላስተሩ ውስጥ አልገባም ብሎ እምቢ አለኝ።»

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። ሦስት ጊዜ ፎርማት አድርጌ እንደ አዲስ ጫንኩት።»

ተነሥቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ ፎርማት መደረጉን ሰምቶ መልሶ የሚተኛ ሰው በዚህ ሙያ ብዙ አይቆይም።

ይህን የምጽፈው ለእሱ ብቻ አይደለም። እዚህ ሐዋሳ ሰርቨር የምትይዙ ልጆች እየበዛችሁ ነው፤ ደስ ይላል። ግን አንድ አመል አያለሁ። አዲሱ ማሽን አልገባም ሲል አዲሱን ማሽን ትቀጡታላችሁ። ታጠፋላችሁ፣ ታበራላችሁ፣ ትደመስሳላችሁ። ነባሮቹን የሚጠይቅ የለም።

ነገሩን ዳታን በብዙ ማሽኖች ላይ በሚያስቀምጠው ዳታቤዝ፣ በካሳንድራ ላስረዳ፣ እጄ የለመደው እሱን ስለሆነ። ካሳንድራ ላይ ኖዶች የሚነጋገሩበት መንገድ ጎሲፕ ይባላል። ሐሜት ማለት ነው፤ እየቀለድኩ አይደለም፣ የሠሩት ሰዎች ያወጡለት ስም ነው። እያንዳንዱ ኖድ በየሰከንዱ እስከ ሦስት ለሚደርሱ ጓደኞቹ ማን አለ፣ ማን ወደቀ፣ ማን አዲስ መጣ እያለ ያወራል። ወሬው ቡና ላይ እንደሚወራው ነው፣ ወዲያው ሰፈሩን ያዳርሳል። አዲስ መጪ ግን ማንንም አያውቅም። ስለዚህ ሲድ የሚባሉ የነባር ኖዶችን አድራሻ እንሰጠዋለን። አዲስ ሰፈር ገብታችሁ እድር ለመመዝገብ ስትሄዱ የሚያውቃችሁን ሰው ይዛችሁ እንደምትሄዱት ማለት ነው።

እድር ላይ መጀመሪያ የምትጠየቁት ምንድን ነው? ቤትህ የት ነው። የካሳንድራ ማስተካከያ የሚጻፍበት ኮንፊግ ፋይል ላይ ሊስን አድረስ የሚለው ቦታ፣ ማለትም ሌሎቹ ኖዱን የሚያገኙበት አድራሻ፣ ሲጫን ሎካልሆስት («ራሴው ማሽኑ» እንደማለት) ተብሎ ነው የሚመጣው። ይህን ሳትቀይሩ ከተዋችሁት ማሽናችሁ «ቤቴ ቤቴ ነው» እያለ ነው። ማን ፈልጎ ያገኘዋል? ሌሎቹ ሊደርሱበት የሚችሉትን እውነተኛ አድራሻ ስጡት።

ቀጥሎ ስም። የክላስተሩ ስም በሁሉም ኖዶች ላይ አንድ ፊደል እንኳ ሳይለይ አንድ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ካሳንድራን ጭናችሁ ኮንፊጉን ሳትነኩ አንዴ ካስነሣችሁት «ቴስት ክላስተር» የሚለውን ስም ዳታው ውስጥ ጽፎ ያስቀምጣል። በኋላ ኮንፊጉ ላይ ስሙን ብታስተካክሉም «የተቀመጠው ስምና የሰጣችሁኝ ስም አይገጥምም» ብሎ አልነሣም ይላል። ልክ ነው። መደምሰስ ተገቢ የሚሆነው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው፦ ገና ምንም ያልያዘ የአዲሱ ኖድ ዳታ።

ከመደምሰሳችሁ በፊት ግን ሆስትኔም ብላችሁ ጻፉና በሚመልሰው የማሽን ስም የት እንዳላችሁ እዩ። ይህን የምለው ስለተቃጠልኩ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ተርሚናል ጎን ለጎን ከፍቼ እሠራ ነበር። አንዱ አዲሱ ኖድ፣ አንዱ ነባሩ። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ፊደል። ደክሞኛል፣ ምሳም አልበላሁም። የደመሰስኩት የነባሩን ዳታ ነው። እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ ሦስቱም ኖዶች የሁሉም ዳታ ቅጂ ስለነበራቸው ከሁለቱ መልሰን ሞላነው። ሞልቶ ሲያበቃ ነግቶ ነበር። አለቃዬ አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሰርቨር ስከፍት የተርሚናሉን መልክ ቀይ አደርገዋለሁ።

ወደ ልጁ ልመለስ። «ምንም አይልም» ያለኝን አላመንኩትም። ምን እያየህ ነው ስለው ሰርቪሱ መነሣቱን ብቻ የሚናገረውን መስመር እያየ ነበር። ሲስተም ሎግ የሚባለውን፣ ካሳንድራ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል አስከፈትኩት። እዚያማ በግልጽ ተጽፏል፦ ከየትኛውም ሲድ ጋር ማውራት አልቻልኩም።

«ፒንግ አድርጌያለሁ ጋሼ፣ ይመልሳል።»

ፒንግ መመለሱ ማሽኑ በሕይወት መኖሩን ነው የሚነግራችሁ። በሩ ክፍት ነው ማለት አይደለም። ካሳንድራ በቁጥር የሚጠሩ ሁለት ዋና ዋና በሮች (ፖርቶች) አሉት። ደንበኛ፣ ማለትም አፕሊኬሽኑ፣ የሚገባው በ9042 ነው። ኖዶቹ እርስ በርስ የሚገናኙት በ7000 ነው፤ የግንኙነቱ ምስጠራ ከበራ ደግሞ በቆዩት ስሪቶች በ7001። በክላስተር የሚሠሩ ሌሎች ሲስተሞችም እንዲሁ ናቸው። ኢላስቲክሰርች 9200 ለደንበኛ፣ 9300 ለኖዶች። ኢቲሲዲ 2379 ለደንበኛ፣ 2380 ለኖዶች። ልጄ 9042ን ሞክሮ ሲሠራለት መንገዱ ሁሉ ንጹሕ መስሎታል።

«አሁን ነባሩ ኖድ ላይ ግባና የእሱን ሎግ እይ» አልኩት። ስለ አዲሱ ኖድ አንድም መስመር የለም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነባሩ ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ የሚጽፈው ነገር ነበረው። ዝም ካለ ግን ማንኳኳቱን ጭራሽ አልሰማም። ማን በየትኛው በር እንደሚገባ የሚወስነውን ፋየርዎል ሲያይ በ7000 እንዲገቡ የተፈቀደላቸው የድሮዎቹ ኖዶች አድራሻዎች ብቻ ናቸው። ከዓመት በፊት አንድ ሰው በጥንቃቄ ዘግቶት ሄዷል፤ ሥራውን በደንብ ነው የሠራው። ሦስት ጊዜ ፎርማት የተደረገው ማሽን ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

ሎግ ስታነቡ ሰዓቱን ልብ በሉ። ብዙ ሰርቨር የሚጽፈው በዩቲሲ ነው፤ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት ማለት ነው። ሎጉ 19:00 ሲል በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። «በ4 ሰዓት ነው የወደቀው» ተብሎለት 04:00 ላይ ሎግ ሲፈልግ ያመሸ ሰው አውቃለሁ።

ከዚህ የባሰም አይቻለሁ። አንድ ቦታ መብራት ሄዶ ሲመጣ የአንዱ ሰርቨር የሰዓት ባትሪ ሞቶ ኖሯል። ጎበዙ ቴክኒሻን ቀኑን በእጁ ሞላው፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ካላንደር እያየ። ካላንደሩ የእኛ ነው! ማሽኑ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ። ኖዶቹ የሚተዋወቁት በሰርተፊኬት፣ የሚጸናበት ቀን በተጻፈበት ዲጂታል መታወቂያ ነበርና የጓደኞቹ ሰርተፊኬት ሁሉ ለእሱ «ገና ያልተወለደ» ሆነበት። ግማሽ ቀን ኔትወርክ ስንፈትሽ ዋልን። አሁን ሳቄ ይመጣል፣ ያኔ ግን አልሳቅኩም። ሰዓት በእጅ አይሞላም፤ ሰዓትን በኔትወርክ የሚያስተካክለውን ክሮኒን ጫኑና ይጠብቅላችሁ። በእኛ የሰዓት አቆጣጠር በመሞላቱ ስህተቱ የስድስት ሰዓት ብቻ ቢሆንና ኖዱ ቢገባ እንኳ ሌላ ጣጣ አለ። ካሳንድራ ሁለት ጽሑፍ ሲጋጭበት የሚያምነው የኋለኛውን ሰዓት የያዘውን ነው። ለጽሑፉ ሰዓት የሚሰጠው ማሽን ወደ ኋላ ከቀረ፣ ከሰዓት በኋላ የተጻፈው ጠዋት በተጻፈው ይሸነፋል።

የሚያስፈራኝ ግን እምቢ የሚለው ኖድ አይደለም። ቶሎ የሚገባው ነው። አንዳንዶቻችሁ ነገሩ አልሳካ ሲል የአዲሱን ኖድ አድራሻ ራሱ ሲድ ዝርዝር ውስጥ ትጨምሩታላችሁ። ያኔ ይነሣል፣ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ይሆናል። ሲድ የሆነ ኖድ ግን ሲገባ ከሌሎቹ ዳታ አይስብም። ባዶ እጁን ይገባና ድርሻው ለሆነ ጥያቄ «የለም» ብሎ መመለስ ይጀምራል። ዝርዝሩ ውስጥ ራሱን ብቻ ከጻፋችሁለት ደግሞ ለብቻው ክላስተር ይሆናል፤ የራሱ እድር ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና አባል። የኖዶቹን ዝርዝርና ሁኔታ የሚያሳየውን ትዕዛዝ፣ ኖድቱል ስታተስን፣ በነባሩም በአዲሱም ላይ አስኪዱት። ሁለቱ የሚያሳዩት ዝርዝር ካልገጠመ አልገባም።

እዚያው ላይ ዩጄ (UJ) የሚል ምልክት ካያችሁ እየገባ ነው፣ ዩኤን (UN) ካያችሁ ደግሞ ገብቷል ማለት ነው። ዳታው ብዙ ከሆነ ሰዓታት ይፈጃል። ተውት። ኖድቱል ኔትስታትስ ምን ያህል እንደተሳበ ያሳያችኋል። በመሃል ሁለተኛ ኖድ ለመጨመር አትሞክሩ፤ ሌላ እየገባ ነው ብሎ ይመልሳችኋል፣ ደግሞም ትክክል ነው። በመሃል ከተቋረጠም ወዲያው ከዜሮ አትጀምሩ፤ ካቆመበት ማስቀጠል የሚቻልባቸው ስሪቶች አሉና መጀመሪያ የስሪታችሁን መመሪያ እዩ።

ልጁ ፋየርዎሉ ላይ አንድ መስመር ጨምሮ ኖዱን ሲያስነሣ ዩጄ መጣ። ደስታውን አትጠይቁኝ። በየአምስት ደቂቃው ስክሪኑን ፎቶ እያነሣ ይልክልኝ ጀመር። ሂድ ተኛ ብዬው ስልኬን ዘጋሁ። ጠዋት ስከፍተው አንድ መልእክት ነበር፦ «ዩኤን ሆነ ጋሼ። ቅዳሜ አሞራ ገደል ዓሣው በእኔ ነው።»

ሾርባውንም ጨምር ብዬዋለሁ።